ይድረስ ስለ ኦቲዝም ለምትሠሩ የአማርኛ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ አዘጋጆች

የተከበራችሁ አዘጋጆችና አቅራቢዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንድ ጣቢያ ወይም ለአንድ አቅራቢ አይደለም። ስለ ኦቲዝም ፕሮግራም ለሠራችሁም፣ ልትሠሩ ላሰባችሁም ሁሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ውሎዬ ከልጆቹና ከእናቶቻቸው ጋር ነው። እናቶቹ ደግሞ የእናንተ ተመልካቾች ናቸው። ማታ ስልካቸው ላይ ያዩትን ጠዋት ልጃቸውን ሲያደርሱ ይነግሩኛል። አንዳንዴ ተስፋ ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ለምን እንደሆነ ፕሮግራሞቹን ሳይ ይገባኛል። እናት ስቱዲዮ ትቀመጣለች። ልጇ ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ ይላል። አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። "እርጉዝ እያለሽ የተለየ ነገር አጋጥሞሽ ነበር?" "ስልክ ትሰጪው ነበር?" "ሥራ ስለምትውዪ ይሆን?" ከዚያ ያ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ "እናቱ መሆንሽን ያውቃል? ይወድሻል?" እናትየዋ እንባዋ ይመጣል። ካሜራው ይጠጋል።

ክፋት አስባችሁ ነው አልልም። ብዙዎቻችሁ የምትጋብዟት ልትረዷት ብላችሁ ነው። በእናንተ ምክንያት የቤት ኪራይ የተከፈለላቸው፣ ትምህርት ቤት የተገኘላቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚያ ጥያቄዎች ውስጥ ሁለት ክሶች ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ ያመጣሽው አንቺ ነሽ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጅሽ ፍቅር አያውቅም የሚል ነው። ሁለቱንም በአንድ ወቅት በዓለም የታወቁ ሐኪሞች ሲናገሯቸው ኖረዋል። ሁለቱም ተመርምረው ወድቀዋል። ከመረመሯቸው ሰዎች አንዷ ለንደን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ የሕጻናት ዕድገት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ናቸው። ስማቸው ኡታ ፍሪት ይባላል። ሥራቸውን ብታውቁት የምትጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ እናትየዋ።

ኦቲዝምን ለይተው ከገለጹት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ባልቲሞር፣ አሜሪካ የነበረው ሊዮ ካነር ነው። በ1943 ስለ 11 ልጆች ጻፈ። ልጆቹ ከሰው ጋር መግባባት የሚቸግራቸው ከተወለዱ ጀምሮ ነው አለ። እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን ወላጆቻቸው ቀዝቀዝ ያሉ ሰዎች መሆናቸውንም አነሳ። በኋላ በሰው አፍ የቀረው ይህኛው ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ቅዝቃዜ ነው የሚለው ሐሳብ ነገሠ። ቺካጎ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ጫፍ አደረሰው። ቤተልሃይም ራሱ በናዚ ማጎሪያ ካምፖች የታሰረ ሰው ነበር። የልጆቹን ሁኔታ ከእስረኞቹ ሁኔታ ጋር አመሳሰለው። በዚህ ንጽጽር የካምፑን ዘበኛ ቦታ የያዘችው እናት ናት። ይህን የምታነብ እናትን እስቲ አስቧት። ልጆች ከወላጅ ተለይተው ተቋም ገብተዋል። እናቶች ልጃቸውን ምን እንዳደረጉት እንዲናዘዙ ለዓመታት ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል።

በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እንግሊዝ ውስጥ 21 ጥንድ መንትዮችን ያጠኑበትን ጽሑፍ አወጡ። በእያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንደኛው ልጅ ኦቲዝም አለበት። ከአንድ እንቁላል የተገኙት፣ ማለትም ዘራቸው አንድ ዓይነት የሆነው፣ 11 ጥንድ ነበሩ። ከእነሱ በ4ቱ ጥንድ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከሁለት እንቁላል በተገኙት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ያለባቸው አንድም አልተገኘም። መንትዮች እናታቸው አንድ ናት። ጉዳዩ የእናት አያያዝ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንዲህ አይለያይም ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በኋላ የመጡት ትልልቆቹ ጥናቶች ግን የዘር ድርሻ ከፍተኛ መሆኑን ደጋግመው አረጋግጠዋል። ዛሬ በዘርፉ የሚሠራ ተመራማሪ "እናትየዋ ምን አጠፋች?" ብሎ አይነሳም። ይህ ጥያቄ በአማርኛ ግን አሁንም በየሳምንቱ ይጠየቃል።

ፕሮፌሰር ፍሪት የተነሱት ከሌላ ጥያቄ ነው። በ1941 ጀርመን ውስጥ ተወለዱ። መጀመሪያ የሥነ ጥበብ ታሪክ ነበር የተማሩት። ከዚያ ወደ ሥነ ልቦና ዞሩና በ1960ዎቹ ለሥልጠና ለንደን፣ ማውድስሊ ሆስፒታል ግቢ ወዳለው የሥነ አእምሮ ተቋም ገቡ። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ያገኙት እዚያ ነው። የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1968 በዚሁ ጉዳይ ላይ ጨረሱ። ከዚያ በኋላም አልተላቀቁም። የጠየቁት "ይህ ልጅ የሚያየውና የሚሰማው ነገር አእምሮው ውስጥ እንዴት ይሰናዳል?" ብለው ነው። ልጁን ራሱን ጠየቁት ማለት ይቻላል። ለእኔ የሥራቸው ክብደት እዚህ ላይ ነው።

በጣም የሚታወቀው ሥራቸው በ1985 ከሲሞን ባሮን ኮኸንና ከአለን ሌስሊ ጋር ያሳተሙት ነው። ሙከራው ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ በአሻንጉሊት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሁለት አሻንጉሊቶች አሉ፤ ሳሊና አን። ሳሊ ቅርጫት አላት። አን ሳጥን አላት። ሳሊ ብይዋን ቅርጫቷ ውስጥ ከታ ትወጣለች። እሷ ሳታይ አን ብዩን አውጥታ ሳጥኗ ውስጥ ትደብቀዋለች። ሳሊ ትመለሳለች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሳሊ ብይዋን የት ነው የምትፈልገው?

መልሱ ቅርጫቱ ውስጥ ነው። ሳሊ ብዩ መነሳቱን አላወቀችማ። ይህን ለመመለስ ልጁ እውነቱን ትቶ ሳሊ ልብ ውስጥ ያለውን መያዝ አለበት። ምንም ችግር ከሌለባቸው 27 ትንንሽ ልጆች መካከል 85 በመቶው መለሱ። ዳውን ሲንድሮም (ከተወለዱ ጀምሮ የአእምሮ ዕድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ካለባቸው 14 ልጆች 12ቱ መለሱ። ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች የመለሱት 4 ብቻ ናቸው። 16ቱ ሳጥኑን ጠቆሙ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው አንዱን ነገር ያልፈዋል። ልጆቹ በሙሉ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችም ተጠይቀው ነበር። ብዩ አሁን የት ነው? መጀመሪያስ የት ነበር? ሁሉም በትክክል መልሰዋል። አይተዋል፣ አስታውሰዋል፣ ተረድተዋል። በቋንቋ ችሎታም ቢሆን ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሁለቱም ቡድኖች በአማካይ የተሻሉ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም። የከበዳቸው አንድ የተለየ ሥራ ነው። ሌላው ሰው የሚያስበው እኔ ከማውቀው ሊለይ ይችላል ብሎ በቅጽበት መያዝ። እኛ ይህን የምናደርገው ሳናስበው ነው። ሰው ሲገባ ፊቱን እናያለን፤ ተቆጥቷል እንላለን፤ ድምፃችንን እንቀንሳለን። ማንም አላስተማረንም።

በ1992 ፍሪት ከቤአቴ ሶዲያን ጋር የሠሩት ሌላ ሙከራ አለ። እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ልጁ ከረሜላውን ሌባ ከሆነ አሻንጉሊት እንዲጠብቅ ይነገረዋል። አንዴ ሳጥኑን መቆለፍ ይችላል። ሌላ ጊዜ ቁልፍ የለም፤ "ሳጥኑ ተቆልፏል" ብሎ መዋሸት አለበት። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች መቆለፉን በሚገባ አደረጉት። ከረሜላውን ማትረፍ ይፈልጋሉ፣ ሌባው ማን እንደሆነም ያውቃሉ። መዋሸቱ ግን አቃታቸው። ውሸት ማለት ሌላው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሐሰት የሆነ ሐሳብ ማስገባት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ክፍሌ ውስጥ የማየው ብዙ ነገር ትርጉም አገኘ። እነዚህ ልጆች በሌሎች ልጆች በቀላሉ ይታለላሉ። ጥፋታቸውን መሸሸግ አይችሉበትም። ሌላው ልጅ አጥፍቶ ይሮጣል፤ እነሱ እዚያው ቆመው ይቀጣሉ። እናንተ ጋ ሲቀርቡ ደግሞ "እልኸኛ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል።

ከዚያ ወደ አንጎሉ እንግባ። በ1990ዎቹ ፍሪትና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ባለቤታቸው ክሪስ ፍሪትና ፍራንቼስካ ሃፔም አሉበት፣ የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው ፔት ስካን አንጎል ውስጥ ማየት ጀመሩ። ሰው ስለሌላ ሰው ሐሳብ የሚያወራ ታሪክ ሲያነብ የትኛው የአንጎል ክፍል ነው የሚነቃው? በ1995 ባወጡት ጥናት በግንባር በኩል መሃል ላይ ያለው ክፍል ጎልቶ ታየ። ቆይቶም ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው የአንጎል ጎንና የፊተኛው ጫፉ ተጨመሩ። ዛሬ ማኅበራዊ አንጎል የሚባለው ይህ መረብ ነው።

ቀጥሎ የተጠቀሙት ባለ ሦስት ማዕዘን የሆኑ ሁለት ቅርጾችን ነው። ትልቁ ቀይ፣ ትንሹ ሰማያዊ። ስክሪን ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ ፊት የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም። አንዳንዴ ዝም ብለው ይንሸራተታሉ። አንዳንዴ ግን ትልቁ ትንሹን ሲያባብለው፣ ትንሹ ደግሞ ሲያሾፍ የሚመስል እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። ብዙዎቻችን ስናያቸው ወዲያው ታሪክ እንፈጥራለን። "እናትየው ልጇን ውጣ እያለችው ነው" እንላለን። በ2002 የታተመው ጥናት ላይ ኦቲዝም ያለባቸው 10 አዋቂዎች ከሌሎች 10 ሰዎች ጋር አብረው ይህን አዩ። የሚያባብለውንና የሚያሾፈውን በትክክል መግለጽ ይበልጥ ከበዳቸው። አንጎላቸው ውስጥ የማየት ሥራውን የሚሠራው ክፍል እንደማንኛውም ሰው ሠርቷል። ከዚያ ወደ ማኅበራዊ አንጎል የሚሄደው ግንኙነት ነው የደከመው።

ስለዚህ "አያየኝም"፣ "ችላ ይለኛል" ስንል ተሳስተናል። ልጁ ያያል። ያየውን እንቅስቃሴ ወዲያው ወደ "እማዬ ደክሟታል" የሚለውጠው መንገድ ነው የሚዘገየው። ይህ የፍቅር ጉዳይ አይደለም።

ሊታወቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በ2009 አቱሺ ሴንጁና ፍሪት ያሉበት ቡድን በወቅቱ አስፐርገር ይባል የነበረው፣ ንግግር የማይዘገይበት የኦቲዝም ዓይነት ያለባቸውን አዋቂዎች አጠና። የሳሊን ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቁ በትክክል መለሱ። ዓይናቸው በካሜራ ሲከታተል ግን ሌላ ነገር ታየ። ሌሎች ሰዎች ሳይጠየቁ ዓይናቸው ቀድሞ ሰውየው ይፈልግበታል ወደሚባለው ቦታ ይሄዳል። የእነሱ ዓይን አልሄደም። ማለትም ይችላሉ፤ ግን ቆም ብለው በማሰብ ነው። እኛ በነጻ የምናገኘውን እነሱ እየከፈሉበት ያገኙታል። አንድ ጎበዝ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ኦቲዝም ያለበት ወጣት ግብዣ ቤት ውሎ ሲመጣ ክፍሉን ዘግቶ የሚተኛው ለምን እንደሆነ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ይገባዋል። ትዕቢት አይደለም። ደክሞት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ፣ "ይወድሻል ወይ?" ወደሚለው ልምጣ።

በ2010 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ፍሪትም ከአጥኚዎቹ አንዷ ናቸው። ኦቲዝም ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች የሚቀርባቸው ሰው ሲያመው አንጎላቸው ምን እንደሚያደርግ ታየ። በአንጎል ውስጥ የሌላውን ሕመም የሚጋራ ክፍል አለ። ያ ክፍል ኦቲዝም ስላለባቸው አልደከመም። ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንድ ሰው የራሱን ስሜት ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል፤ ኦቲዝም ኖረበት አልኖረበት። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ላይ ነው የቀነሰው። ኦቲዝም ያለበት ሰው እናቱ ስታመም ያመዋል። እንዴት እንደሚያሳይ ላያውቅ ይችላል። እኛ የምንጠብቀው ማቀፍና ማልቀስ ነው። እሱ ምናልባት ውኃ አምጥቶ አጠገቧ ያስቀምጥና ይሄዳል።

ይህን ለማወቅ ስካን አያስፈልግም፤ እናቶቹን ጠይቋቸው። ግን "ይወድሻል ወይ?" ብላችሁ አይደለም። "ፍቅሩን በምን ታውቂበታለሽ?" ብላችሁ። ያን ጊዜ ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ ታያላችሁ።

የፍሪትን ሥራ ሳወድስ ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። የ1985ቱ ሙከራ ላይ 4 ልጆች መልሰዋል፤ ብዙዎችም ዕድሜያቸው ሲገፋ ይመልሳሉ። ድምፅ ሲበዛ ጆሮ መያዝን፣ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ መብላትን፣ ነገሮችን መደርደርን የሳሊ ታሪክ አያስረዳም። ፍሪትም ይህን ስላወቁ ሌላ መንገድ ሄደዋል። በ1983 ከአሚታ ሻህ ጋር ባደረጉት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በትልቅ ሥዕል ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ቅርጽ በመፈለግ ከሌሎቹ በለጡ። ዝርዝሩ ቶሎ ይታያቸዋል። ይህ ችሎታ ነው፤ በእናንተ ፕሮግራም ላይ ግን ሲወራ አልሰማሁም።

ትችትም አለ፤ ልትሰሙት ይገባል። ዴሚየን ሚልተን የሚባል ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ2012 ችግሩ የሁለት ወገን ነው ብሎ ጻፈ። "እናንተ 'የእኛን ልብ ማንበብ አልቻላችሁም' ትሉናላችሁ፤ እናንተስ የእኛን ታነባላችሁ ወይ?" ነው ጥያቄው። ልክ ነው እላለሁ። ፍሪት ያሳዩት ነገር በቦታው እንዳለ ሆኖ፣ የእነሱን ልብ ለማንበብ የሞከርነው ጥቂቶች ነን። ስቱዲዮ ውስጥ ልጁ እጁን ሲያወዛውዝ የሚታየው ምናልባት መብራቱ ስለበዛበት ነው። ማንም ግን መብራቱን አይቀንስም።

ስለ ስልክና ስለ ክትባት ባጭሩ ልበል። ኦቲዝም የስልክ ዘመን በሽታ ነው የሚል ንግግር በዝቷል። ፍሪት ከታሪክ ምሁሩ ራብ ሂውስተን ጋር በ1747 ኤድንብራ ፍርድ ቤት የቀረበ ጉዳይ አጥንተዋል። ሰውየው ሂው ብሌር ይባላል፤ የስኮትላንድ ባለ ርስት ነው። ወንድሙ ጋብቻው ይፍረስ ብሎ ከሰሰ። ምስክሮቹ የተናገሩት ይገርማል። የተጠየቀውን መልሶ ይደግማል፤ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ካልተቀመጠ አይሆንለትም፤ የማያውቀው ሰው ቀብር ላይ ሁሉ ይገኛል። ሁለቱ ተመራማሪዎች መዝገቡን መርምረው ኦቲዝም ነበረበት አሉ። በ1747 ስልክ አልነበረም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ ጽሑፍ ደግሞ 12 ልጆችን ብቻ ይዞ የተጻፈ ነው፤ መጽሔቱ በ2010 ሰርዞታል፤ ዋናው ጸሐፊም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ያ ወሬ ያደረሰውን ግን ጎረቤቶቻችን ያውቁታል። በ2017 ሚኒሶታ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ 75 ሰዎች በኩፍኝ ተያዙ፤ አብዛኞቹ የሶማሌ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ወላጆቹ ኦቲዝምን ፈርተው ነበር ክትባቱን የተዉት። እዚያው ግዛት የሚኖሩ የእኛ ሰዎች የእናንተን ቻናል ያያሉ።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕጻናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ኦቲዝምን ጨምሮ የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቋል። ብዙዎቹ የሰው ዓይን ይፈራሉ፣ ያፍራሉ፣ የልጃቸውን ሁኔታ የሚደብቁም አሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ የወሊድ ችግርን የሚጠቅሱ አሉ፤ ክፉ መንፈስና ኃጢአትንም የሚጠቅሱ አሉ።  ይህን ስል በእምነት ላይ ክፉ እየተናገርኩ አይደለም። ጸበል የምትወስድ እናት ትውሰድ፤ ዱአ የምታስደርግም ታስደርግ። ልጁ ግን ትምህርት ቤትም ይሂድ። ማንም ደግሞ "ይህ የመጣው በአንቺ ኃጢአት ነው" አይበላት።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታስታውሷቸዋላችሁ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ቤት ዘግቶ በሚያቆይበት ጊዜ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። የተናገሩት እናንተ ጋ ቀርበው ነው። ሚዲያ ለዚህ ጉዳይ ብዙ የሠራበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እንደገና መሥራት ይችላል።

እንግዲህ የምለምናችሁ እነሆ። እናትን ስትጋብዙ ስለ እርግዝናዋ አትጠይቋት። መጀመሪያ ምን አስተዋልሽ? ማን አገዘሽ? የትኛው ትምህርት ቤት ተቀበለው? ጎረቤት ምን አለ? ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ምን እንደሚወድ ጠይቁ። አባትየውንም ጋብዙ፤ እስካሁን ስቱዲዮ ወንበር ላይ የማየው እናትን ብቻ ነው፤ ይህም ራሱ አንድ ዓይነት ፍርድ ሆኖ ይታየኛል። ንግግር ያላቸውን፣ ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች ጋብዙ። ጥያቄውን ቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩላቸው፤ መልስ እስኪመጣላቸው ታገሡ።

"በሦስት ወር አዳንኩት" የሚል ሰው ሲመጣ ስልክ ቁጥሩን ስክሪን ላይ አታስቀምጡለት። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚያግዝ ነገር ግን አለ። የንግግር ልምምድ አለ፤ በሥዕል መግባባት አለ፤ ወላጆች ልጃቸውን የሚያግዙበትን መንገድ የሚያስተምር የዓለም ጤና ድርጅት ሥልጠና አለ፤ እኛም አገር ተሞክሯል። ስለ እነዚህ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ብትሠሩ ለወላጅ ትልቅ ጥቅም ነው።

ምልክቶቹንም ንገሩልን። ዓመት ከመንፈቅ የሞላው ልጅ አውሮፕላን ሲያልፍ በጣቱ አሳይቶ "አየሽ?" በሚል ዓይን እናቱን ዞር ብሎ የማያይ ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ ሐኪም ይየው፤ ጆሮውም ይመርመር። "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። እኔ ጋ የሚመጡት አንዳንዶቹ ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ነው። ምልክቱን አንድ ፕሮግራም ላይ ቀድመው ቢሰሙት ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ወጪ የለውም። የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ነው። ከዚያ በፊት ቻናላችሁ ላይ የቆዩ ቪዲዮዎቻችሁን ክፈቱ። ርዕሱ ላይ "እርግማን" ወይም "የእናቱ ጥፋት" የሚል ካለ ቀይሩት። ልጅ ሲጮህ፣ ራሱን ሲመታ ወይም ልብሱን አውልቆ የሚታይበትን ቦታ ቁረጡት። እናቶቹ ጋ ደውሉ። ቪዲዮው እንዲቆይ ትፈልግ እንደሆነ እያንዳንዷን ጠይቋት፤ ይውረድልኝ ካለች አውርዱላት።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት
አዲስ አበባ